ለብልህም ይነገረው

አትክልት ተራ አትክልት ከተለየው ዓመታት አልፈዋል። ገበያው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዶ በዚያው ቀረ። ስሙ ግን ከፒያሳ አልተነሣም። የአራዳም ታሪክ ይኸው ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረውን ትልቁን ገበያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲወስዱት ሸቀጡ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። እንዲያውም ከቦታ ስምነት አልፎ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ፤ «አራዳ» ስንል ሳይነግሩት የሚገባው፣ ጠቀስ ሲያደርጉት የሚነቃ ማለታችን ነው። ያልነቃውና ሁሉ ነገር ከሀ እስከ ፐ ሊነገረው የሚገባው ደግሞ «ፋራ» ነው። ፒያሳ ራሷ «አደባባይ» የሚል ትርጉም ያላት የጣሊያንኛ ቃል ናት፤ በዚህ ስም የሚጠራ ወረዳ የለም፣ ፒያሳ የት እንደሆነች የሚጠይቅ አዲስ አበቤም የለም። ደጎል ጋ እንገናኝ ብሎ የሚቀጣጠረው ወጣት ስሙ ከፈረንሳዩ መሪ የመጣ መሆኑን ባያውቅም ቀጠሮውን አይስትም። ሰባ ደረጃን የሚወጣም ደረጃውን አይቆጥርም።

«ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እንዲሉ፣ እንዲህ ያለው አኗኗር ለሰፈሩ ልጅ የሚያጎድልበት ነገር የለም። እንግዳ ሰው ቢመጣም ሊስትሮውን ወይም የሱቁን ልጅ ጠይቆ ይደርሳል። ነገሩ የሚበላሸው የማይጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ነው። ይህ እንግዳ በኮምፒዩተሩ ዓለም መጥቷል፤ ኤጀንት ይሉታል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ነው፤ ጥያቄ ሲጠይቁት መልስ ሰጥቶ የሚቀመጠው ዓይነት ግን አይደለም፣ ሌሎች ሶፍትዌሮችን እንደ መሣሪያ እያነሣ የታዘዘውን ይሠራል። ፋይል ይከፍታል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ሒሳብ ያያል፣ ከተፈቀደለትም ገንዘብ ይልካል። የትኛውም ሊቅ በዕድሜው የማይጨርሰውን መጽሐፍ አገላብጧል። ስለ ሰፈራችን ግን ፋራ ነው። ክርክሬም ከዚህ ይነሣል፤ ሶፍትዌሮቻችን የተሠሩትና የተብራሩት ለአራዳ ነው፣ ተጠቃሚያቸው ግን ብዙ የተማረ ፋራ እየሆነ ነው፣ ስለዚህ «ሁሉም ያውቀዋል» ተብሎ የተዘለለውን ነገር በጽሑፍ ማስፈር ከኮዱ እኩል ሥራ ሆኗል። ይህን ሥራ ደግሞ ለኛ ሰፈር ሌላ ማንም አይሠራልንም።

ኤጀንቱና መሣሪያው የሚተዋወቁበት መንገድ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ያሳስታል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውና ከዚያ ወዲህ ሌሎችም የተቀበሉት ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘ የመገናኛ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ መሣሪያ ለኤጀንቱ የሚቀርበው በስሙ፣ ስለ ሥራው በሚናገር አጭር ጽሑፍ፣ በሚፈልጋቸው መረጃዎች ዝርዝር ነው። ባለቤቱ ከወደደ መሣሪያው የሚያነብ ብቻ መሆኑን፣ የሚያጠፋ ነገር እንዳለ፣ ደጋግመው ቢጠሩት ጉዳት ያመጣ እንደሆነ የሚጠቁሙ ምልክቶችም ይጨምራል። በቃ። ኤጀንቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ያለውን ኮድ አያይም፣ መሣሪያውን የሠራውን ልጅ በስልክ አያገኝም፣ ቢሮው ውስጥ ሻይ ሲጠጣ የሰማው ወሬ የለውም። ሰው ከመመሪያው የሚያገኘው ከሚያስፈልገው ዕውቀት ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከባልደረባው፣ ከልምዱ፣ ከስህተቱ ይሞላዋል። ኤጀንቱ ግን የተጻፈውን ይዞ ይነሣል፣ ያልተጻፈውን ይገምታል፣ ግምቱንም እንደ ዕውቀት ቆጥሮ ይቀጥላል። ማመንታቱ ፊቱ ላይ አይነበብም፤ ፊት የለውማ።

ጽሑፉ ይህን ያህል ኃይል አለው ወይ ለሚል ሰው፣ እዚያው አንትሮፒክ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ያሳተመው ልምድ ጥሩ ማስረጃ ነው። የፕሮግራም ኮድ የሚያርም ኤጀንት ሲሠሩ፣ ፋይል መክፈቻው መሣሪያ አንጻራዊ አድራሻ ይቀበል ነበር፤ ማለትም «አሁን ካለህበት ተነሥተህ እንዲህ ሂድ» የሚል አድራሻ። ኤጀንቱ ከመነሻው አቃፊ ወጥቶ ሌላ አቃፊ ውስጥ ሲገባ መንገዱ ይጠፋበትና ይሳሳት ነበር። ሞዴሉን አልቀየሩም። መሣሪያው ሁልጊዜ ከሥሩ የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ብቻ እንዲቀበል አደረጉት፣ ስህተቱም ቀረ። ሰዎቹ ለትእዛዙ አጻጻፍ ካጠፉት ጊዜ ይልቅ ለመሣሪያዎቹ ያጠፉት እንደሚበልጥም ጽፈዋል። ይህን ነገር ለመረዳት የአዲስ አበባ ሰው መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። «ወረድ ስትል፣ በስተግራ» የሚለው አቅጣጫ ተናጋሪውና ሰሚው አንድ ቦታ እስከቆሙ ድረስ ይሠራል፤ ሰሚው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ፣ ተናጋሪው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ከሆኑ ግን ወረድ ማለት ወዴት ነው? ፒያሳ ተዳፋት ናት፣ በየአቅጣጫው ወረድ ይባላል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ስንመጣ ከሁሉ የከፋው ቀን ነው። አንድ መሣሪያ «ቀን» የሚል ባዶ ቦታ ብቻ ቢያቀርብና ኤጀንቱ 03/05/2017 የሚል ጽሑፍ ቢገጥመው ሦስት ንባብ አለው፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው። በኛ አቆጣጠር ጥር 3 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2025 መሆኑ ነው። አውሮፓዊ ካነበበው ሜይ 3 ቀን 2017 ይሆናል፣ ይህም በኛ ሚያዝያ 25 ቀን 2009 ነው። አሜሪካዊ ካነበበው ደግሞ ማርች 5፣ የኛው የካቲት 26 ቀን 2009። በአንደኛውና በሌሎቹ መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል የሚበልጥ ልዩነት አለ፤ የብድር ወለድ፣ የጡረታ ዕድሜ፣ የመድኃኒት ማብቂያ ጊዜ በዚህ ልዩነት ውስጥ ይዋልላል። ሰው ሠራተኛ ከሆነ የደንበኛውን ፊት ያያል፣ «ይህ ሰው በሁለት ሺህ ዘጠኝ አልተወለደም» ይላል። ከዚህ በተጨማሪ ጳጉሜን አለች። ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ፕሮግራም 13 ሲመጣለት ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል። ኤጀንቱም ታዛዥ ነውና «ለማስተካከል» ሲል 12 ብሎ ሊሞላው ይችላል፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሕፃን በዚህ ዓይነት በነሐሴ 3 ይመዘገባል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጎደለው።

ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ ይረቃል፣ ምክንያቱም ብልህነት እዚያ ላይ ራሱ ያሳስታል። «ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ ያዝልኝ» የተባለ ኤጀንት ምን ይሁን? ምንም የማያውቅ ከሆነ 3 ብሎ ይሞላል፤ መሣሪያው በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ቀጠሮው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ቢያንስ ይህ ስህተት ያስቃል፣ ስለሚያስቅም ይታያል። ስለ ኢትዮጵያ ያነበበ ጎበዝ ኤጀንት ግን 6 ሰዓት ጨምሮ 9 ብሎ ይሞላል። መሣሪያውን የሠራው የአራዳ ልጅ ቢሆንና «ሰዓት» ሲል የሐበሻን ሰዓት ማለቱ ቢሆንስ? ቀጠሮው ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል፤ የሥራ ሰዓት ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም፣ ታማሚው ጠዋት መጥቶ ይመለሳል። ሁለቱ ኤጀንቶች በዕውቀት የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም የሁለቱም መጨረሻ ስህተት ነው። ትክክለኛው መልስ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ያለው መሣሪያውን በሠራው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። «ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ቀን ወይም ሌሊት መሆኑ በተለየ ቦታ ይሞላ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ሁለቱም አይሳሳቱም።

የስም ነገርም አለ፣ ግን ብዙ ስለተባለበት አላስረዝመውም። «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ኢትዮጵያዊን ሲጠይቅ ላስት ኔም የአባት ነው የአያት? አንዱ ባንክ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ከያዘ ኤጀንቱ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል። ፊደላችን ላይ ደግሞ ሥራና ስራ፣ ፀሐይና ጸሃይ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን የማይተዋወቁ ቃላት። የመፈለጊያ መሣሪያው እነዚህን እንደ አንድ የሚቆጥር ወይም የማይቆጥር መሆኑን ካልነገረን፣ ኤጀንቱ «እንዲህ የሚባል ሰው አልተገኘም» ብሎ በሙሉ ልብ ይመልሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ገንዘብ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ በስልክ መፈጸም የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል፤ ከክፍያው ጋር አብሮ የመጣው ጭንቀትም እንዲሁ፦ ገንዘቡ ሄደ ወይስ አልሄደም? በየመስኮቱ የምንሰማውን «ሲስተም የለም» የሚል ቃል እናስብ። እንደ ስህተት መልእክት ቢመዘን ከዚህ የባሰ የለም። እንጠብቅ? ነገ እንምጣ? ሌላ ቅርንጫፍ እንሂድ? የከፈልነው ገብቷል? አንዱንም አይመልስም። ሰው ግን ይግባባል፤ የሠራተኛዋን ድምፅ ሰምቶ፣ ወረፋው መበተን አለመበተኑን አይቶ ይወስናል። ኤጀንቱ ክፍያ ልኮ መስመሩ ቢቋረጥና «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ብቻ ቢመለስለት፣ ትጉህ ሠራተኛ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ እንደገና ይልካል። የመጀመሪያው ክፍያ አልፎ ከነበረ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፣ አገራችንም ውስጥ አለ። ቻፓ የተባለው የክፍያ መተላለፊያ ለፕሮግራም ሠሪዎች ያወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ የማይደገም መለያ እንዲኖረው ያዝዛል፤ በዚያው መለያም ክፍያው መፈጸሙን መልሶ ማጣራት ይቻላል። ለኤጀንት በሚጻፍ መመሪያ ላይ የሚጨመረው አንድ እርምጃ ነው፦ መልስ ካልመጣ እንደገና አትላክ፣ አስቀድመህ በመለያው አጣራ። የስህተት መልእክቱ ራሱ ይህን ቢናገር ደግሞ የበለጠ ይሻላል፣ ምክንያቱም ኤጀንቱ ያንን መልእክት የሚያነበው መሳሳት በሚጀምርባት ቅጽበት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያውና ጠንካራው እንዲህ ይላል፦ እነዚህ ሞዴሎች በየመንፈቁ እየጎበዙ ነው፣ ዛሬ ያልገባቸው ነገ ይገባቸዋል፣ ኮዱንም ራሱን አንብበው ይረዱታል፣ ለጊዜያዊ ድክመት ብሎ መድከም ለምን? ያ ምሳሌያዊ አነጋገር ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ለብልህ አይነግሩም። መጎበዛቸውን አልክድም። የሰዓቱ ምሳሌ ያሳየን ግን ብልሃትና መረጃ ለየቅል መሆናቸውን ነው። በ1898 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክ ዛሬ አቢሲኒያ ባንክ ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም፤ የፊተኛው በ1920ዎቹ ፈርሶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፣ የአሁኑ የተቋቋመው ከ90 ዓመት በኋላ በ1988 ዓ.ም. ነው። ይህን በጽሑፍ ያስቀመጠ ስላለ ጎበዝ አንባቢ ይለየዋል። የአንድ ትንሽ ድርጅት መሣሪያ ውስጥ «ደንበኛ» የሚለው ቃል የከፈለውን ብቻ ነው ወይስ የተመዘገበውን ሁሉ የሚለውን ግን የትም ያስቀመጠው የለም፣ ስለዚህ አንባቢው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሊለየው አይችልም። ኮዱን ማንበብም የሚያሳየው ማሽኑ የሚያደርገውን ነው፤ ባለቤቱ እንዲሆን የፈለገውንና በስህተት የገባውን አይለይም። ወር እስከ 12 ብቻ ይላል ኮዱ። ይህ ደንብ ነው ወይስ መርሳት?

የቃል ዕውቀት ከሰዎቹ ጋር እንደሚሄድም ፒያሳ በቅርቡ አሳይታናለች። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈርና አካባቢው ፈረሱ፣ ነዋሪዎቹም ከተማው ዳርና ዳር ተበተኑ። የፈረሰው ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ የትኛው ግቢ በየትኛው ያስወጣል፣ የማን ጓሮ ከማን ይዋሰናል የሚለው፣ ካርታ ላይ ሳይሰፍር በጎረቤታሞች መካከል ይኖር የነበረው ዕውቀት አብሮ ተበተነ። በሶፍትዌር ቤት ይህ በየዓመቱ ይደርሳል፣ ዶዘር ግን አያስፈልገውም። አንድ ፕሮግራም ሠሪ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲለቅ ያለፈው ሥራ ሁሉ ምክንያት አብሮት ይወጣል። ኤጀንት መጣም አልመጣም ይህ ኪሳራ ነበረ፤ ኤጀንቱ ያደረገው ቢኖር ኪሳራውን በግልጽ እንዲታይ ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥራ ቦታ የሚመጣ ነው፤ ጊዜ የለም፣ የተጻፈውም ያረጃል፣ ያረጀ መመሪያ ደግሞ ከምንም የከፋ ነው። እውነት አለው፣ የአዲስ አበባ ሰውም ይህን ከቤት ቁጥሩ ያውቀዋል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በቀበሌ የተመዘገበው ቤት በ1995 ዓ.ም. ከተማው በ10 ክፍለ ከተሞች ሲዋቀር አድራሻው ተለወጠ፣ ቀበሌዎቹ ተጨፍልቀው ወረዳ ሲሆኑ እንደገና ተለወጠ፣ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛ ሆኖ ሲጨመር ደግሞ ለብዙዎች ክፍለ ከተማውም ተቀየረ። ጋዜጣ ላይ በሚወጡ የሐራጅ ማስታወቂያዎች ግን ከአዲሱ ወረዳ ጎን በቅንፍ «የቀድሞው ቀበሌ» ተብሎ የቀድሞው ቁጥር ይጻፋል። ይህ ቅንፍ፣ በኔ እምነት፣ በአገራችን ከተጻፉ የለውጥ መመሪያዎች ሁሉ ጠቃሚው ነው፤ አሮጌውን የያዘ ሰው ወደ አዲሱ እንዲሻገር ድልድይ ይሠራለታል። ሶፍትዌርም ላይ የሚፈለገው ይኸው ነው፦ ይህ መሣሪያ ከመቼ ወዲህ ተለወጠ፣ አሮጌው ስም አሁን ምን ሆነ። ስለ ጊዜው ደግሞ፣ የሚፈለገው ጥራዝ መጽሐፍ አይደለም። ኤጀንቱ ብዙ ጊዜ ሥራ ሳይጀምር የመሣሪያዎቹን መግለጫ ሁሉ ያነባል፣ ትኩረቱም ወሰን አለው፤ ወሬ የበዛበት መግለጫ ዋናውን ነገር ይቀብረዋል። ሃያ መሣሪያ ደርድሮ እያንዳንዱን በገጽ ሙሉ ከማድነቅ፣ አምስቱን አስቀርቶ ለእያንዳንዳቸው ሥራውን፣ የማይሠራውን፣ የመረጃውን ዓይነት በምሳሌ መንገር ይበልጣል። መፈተሻውም እጃችን ላይ ነው። ለኤጀንቱ መግለጫውን ብቻ ሰጥቶ አንድ ሥራ ማዘዝ፤ የሳተበት ቦታ ያልተጻፈው ዓረፍተ ነገር ያለበት ነው። ለዚህ ሥራ የቢሮ ባልደረባ አይሆንም፣ አራዳ ነውና ሳይጻፍ ይገባዋል።

የማይሠራውን ስል በዋዛ አይደለም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ ለተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 ባወጡት መመሪያ፣ በየትእዛዙ መግለጫ ውስጥ «ጉድለቶች» የሚል ክፍል ነበረ። የሠሩት ሰዎች በገዛ እጃቸው፣ ይህ እዚህ ላይ ይሰናከላል ብለው ይጽፋሉ። በኛ ቢሮዎች ጉድለትን ወረቀት ላይ ማስፈር ራስን እንደ መክሰስ ይቆጠራል፤ የምናወጣው መግለጫ የምረቃ ንግግር ይመስላል። ኤጀንት ግን ንግግሩን እንደ እውነት ይወስደዋል። «ፈጣንና አስተማማኝ የክፍያ ሥርዓት» የሚለው ሐረግ ለሱ ምንም አይነግረውም፤ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሒሳብ ሲዘጋ ለጥቂት ጊዜ አይሠራም» የሚለው ግን ከከንቱ ሙከራ ያድነዋል።

ሦስተኛው ሥጋት ደኅንነት ነው። ለኤጀንት ያብራራነውን ሌባም ያነበዋል ይባላል። ጣይቱ ሆቴል በሩ ላይ ስሙ ስለተጻፈ ክፍሎቹ ክፍት አይሆኑም፤ ቁልፍ ሌላ፣ ሰሌዳ ሌላ። መሣሪያውን የሚጠብቀው መመሪያውን መደበቁ ብቻ ከሆነ ያ መሣሪያ ድሮም አልተጠበቀም። በዚህ ተቃውሞ ውስጥ የምቀበለው ግን አለ፣ እሱም ብዙ ጊዜ የማይነሣው ነው። ኤጀንቱ መግለጫን እንደ ትእዛዝ የመከተል ዝንባሌ ስላለው፣ ክፉ ሰው በሠራው መሣሪያ መግለጫ ውስጥ የተሸሸገ ትእዛዝ ሊታለል ይችላል። ስለዚህ መልካም መግለጫ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ኤጀንቱ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው፣ የሚያጠፋ ነገር ከማድረጉ በፊት ሰው ይጠየቅ፣ ከየትም የመጣ መሣሪያ አይቀጠልለት። የጠራ መግለጫ እዚህም ይረዳል፤ የትኛው መሣሪያ እንደሚያነብ፣ የትኛው እንደሚያጠፋ ተለይቶ ካልተጻፈ ሰውየው ሲጠየቅ ምን እንደሚፈቅድ አያውቅምና።

በምን ቋንቋ ይጻፍ ለሚለው ጥያቄ ስሜቴና ፍርዴ አይገጥሙም። ስሜቴ በአማርኛ ይላል። ሞዴሎቹ ግን የተማሩት በአመዛኙ እንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኞቹም የግእዝ ፊደልን ሲያነቡ አንዱን ሐሳብ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ብዙ ቁራጭ አድርገው ስለሚከፍሉት ወጪውም ንባቡም ይከብዳል። ለጊዜው የመሣሪያው መግለጫ በእንግሊዝኛ ቢሆን አልቃወምም። የማልቀበለው ጉዳዩን ራሱን መተርጎምን ነው። ጳጉሜን «ሴፕቴምበር» አትባል፤ «የአያት ስም» በግድ ላስት ኔም ውስጥ አይጨመቅ፤ ፒያሳ፣ ደጎል፣ ሰባ ደረጃ በፊደላቸው ይቀመጡና ምን እንደሆኑ ከጎናቸው ይጻፍ። ለሰው የሚሄደው መልእክትና የስህተቱ ማብራሪያ ግን ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ ይሁን።

ይህ ልፋት ለማሽን ብቻ የሚከፈል ግብር እንዳይመስለን፣ እኛ ራሳችን የሌሎች መመሪያ ተጠቃሚዎች መሆናችንን ማስታወስ ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘውና ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር የሚሰጠው ፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ሥርዓት ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረ፣ ኮዱም መመሪያውም ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው፤ የሚመዘገበውን መረጃ እያንዳንዱ አገር እንደራሱ እንዲያስተካክልም ቦታ ትቷል። ባንጋሎር ያሉት መሐንዲሶች የኛን የአያት ስም ማወቅ አይጠበቅባቸውም ነበር፤ የማያውቁት ሰው እንደሚመጣ አውቀው ጻፉ እንጂ። በምኒልክ ዘመን አራዳ ገበያ ላይ ነጋሪት ተጎስሞ የሚነገረው አዋጅም ንግግሩ ላልሰማው ነበር፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ የዋለው ቀድሞ ሰምቷል።

እንግዲህ ነገ አራዳ ውስጥ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ለቀጠሮ ወይም ለክፍያ መሣሪያ የሚሠራ ወጣት፣ ከኮዱ ጎን መግለጫውን ሲጽፍ እንዲህ የሚል መስመር ይጨምር፦ «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ወር ከ1 እስከ 13፤ 13ኛው ወር 5 ቀን አለው፣ በየአራት ዓመቱ 6»። ስድስተኛዋ ጳጉሜን በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ትውላለች፤ በዚያች ቀን መሣሪያው ምን እንደሚመልስ አሁኑኑ ቀኑን ሞልቶ መሞከር ይቻላል።